አንድ ጥሪ ሰላም ነው

አንዳንዱን ነገር አዛብቼ የማስታውስ ልሆን እችላለሁ፤ ዕድሜም ነው፣ እንቅልፍ ማጣትም ነው። ከቤቴ የወጣሁት ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን ነው ብዬ ይዣለሁ፣ አሥራ ሦስትም ሊሆን ይችላል፤ ዓመቱ ሁለት ሺህ ሁለት መሆኑን ግን አልስትም። አሁን ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባለው ሰፈር፣ ከመጋዘን ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል በጀርባዬ ተኝቻለሁ። ቀትር ነው። ሌሊት መጋዘኑን ስለምጠብቅ ቀን መተኛት አለብኝ፣ ቀን ደግሞ እንቅልፍ የሚባል የለም። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፣ ከግድግዳው ወዲያ የተደረደረው ኮረሪማ ይሸታል፣ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌዋለሁ። ጧት ጧት ኔትዎርክ ጠፍቶበት ሲመለስ አንድ መልእክት ያመጣል፤ ሻይ የምትሸጥልኝ ኸይሪያ አንብባልኛለች፣ እንኳን ወደ ሱዳን በደህና መጡ፣ መልካም ቆይታ ነው የሚለው። አምስት ዓመት አለፈኝ፣ አሁንም እንኳን ደህና መጡ ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን መልስ መስጠት ያለብኝ መስሎኝ፣ ዝም ብል ነውር ይሆን ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር። ሲሙ የአገሬ ነው፤ ቦንጋ የገዛሁት፣ ያኔ ያወጣሁት፣ አንድ ቀን ያልቀየርኩት። ሮሚንግ ይሉታል ይህን፤ የአገርህን ቁጥር ይዘህ በሰው አገር ኔትዎርክ ላይ መኖር ማለት ነው። የሚደውልልህ ሰው ይከፍላል፣ አንተም ስታነሳው ትከፍላለህ። ጅማ የስልክ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የነበረው ሰውዬ ይህን ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት፤ የተጠራ ሰውም ይከፍላል? አዎ አባቴ፣ የተጠራም ይከፍላል። ወረቀቱን ፈረምኩ። የማይገባኝን ወረቀት ፈርሜ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን የገባኝ መስሎኝ ፈረምኩ።

ቦንጋ በቡና ግዢ ሚዛን ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፣ ለሚዛን ይበቃል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ማንኪራ፣ የአባቴ መሬት ላይ፣ ከባለቤቴ ከየወርቅውሃ ጋር ተቀምጬ ነበር። ልጅ አልሰጠንም። ጫካ ውስጥ ያለውን ቡና እሷ ትለቅማለች፣ ቀፎውን እኔ አያለሁ፤ በአባቴ ስም ይጠራ እንጂ መሬቱን የያዘችው እሷ ናት፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሚዛን ላይ ነበርኩ። ሰላሐዲን መጣ። ሰላሐዲን ቦንጋ ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ አባቱ ከወልቂጤ በኩል የመጡ ናቸው፣ እሱ ግን እዚያው ተወልዶ ካፊኖኖውን ከእኔ እኩል ይናገራል። ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚባለውን ቅመም ወደ ሱዳን ይልካል። ጋሽ ተድላ፣ አለኝ፣ ካርቱም መጋዘን ይዣለሁ፣ ሚዛን የማይሰርቅ ሰው ግን አጣሁ፤ ስድስት ወር ብቻ ይቀመጡልኝ። ደስ አለኝ መሰለኝ። በዚያ ዕድሜዬ የሚፈልገኝ ሰው መገኘቱ ደስ ብሎኛል፣ አሁን ሳስበው ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም። ለየወርቅውሃ ስነግራት ሂድም አላለች፣ አትሂድም አላለች። ስድስት ወር ስንት እሁድ ነው? ብላ ጠየቀችኝ። ሃያ ስድስት አልኳት። ቆጠረችው መሰለኝ፣ የቀፎ ገመድ መፍተል ጀመረች።

ስልክ ገዛሁላት። ማንበብ አትችልም። ማንኪራ ትምህርት ቤት የምታስተምር ዕፀገነት የምትባል መምህርት አለች፤ ከጎጃም ነው የተመደበችው፣ ደሞዟ ሲወጣ ቦንጋ ትወርዳለች እንጂ ሌላውን ቀን እዚያው ናት፣ ስልክ የምትሞላበት ሶላር አላት። እሷ ናት ያስተካከለችው። ሁለት ቁጥርን ስትጫን እኔ ጋ ይደውላል፤ እኔ ስደውል ደግሞ ለብቻው የሆነ ዜማ ያሰማል፣ ሌላ ሰው ከሆነ ተራው ድምፅ ነው። እኔም ሕጉን አወጣሁ። በዓመት ሦስቴ፣ ለመስቀል፣ ለገናና ለፋሲካ እኔ ራሴ እደውላለሁ። ከዚያ ውጪ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጪ፣ ኔትዎርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥተሽ አስጠሪና ዝጊ። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ ሰላም ነው። ሁለቴ ጠርቶ ከተዘጋ ፈልጌሃለሁ፣ ደውልልኝ ማለት ነው። እኔ አላነሳም፣ እቆጥራለሁ። ያን ሰሞን ቦንጋ ውስጥ ሽልማት ደርሶዎታል እያሉ እየደወሉ ሰው የሚያታልሉ ነበሩ፤ የጎረቤታችንን ልጅ አታለውታል። ስለዚህ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ የኔ ዜማ ካልሆነ እንዳታነሺ፣ ማንም ይሁን ማን። ባነሳስ ምን ያደርጉኛል? አለችኝ። ዝም ብለሽ አታንሺ አልኳት። መምህርቷ ሳቀች፤ ጋሽ ተድላ፣ እርስዎ እኮ ለአንድ ስልክ መመሪያ አወጡለት፣ የቀረው ማህተም ነው አለች። እኔ አልሳቅኩም። ሦስት ጊዜ አለማመድኳት፣ አራተኛውን ሳንሞክር ቀኔ ደረሰና ሄድኩ።

ስድስቱ ወር አለቀ። ሰላሐዲን የሚቀጥለው መኪና እስኪመጣ አለ። መኪናው መጣ፣ የሚቀጥለው እስኪመጣ አለ። አልዋሸኝም፣ እኔም አልተቃወምኩም። የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አለፈ፣ ለመውጣት ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል አሉኝ፣ የዚያን ወረቀት መስኮት ፈልጌ አንድ ቀን ሙሉ በፀሐይ ዞርኩና ተመለስኩ። እሁድ ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን ስልኩ አንዴ ይጠራል፣ ይዘጋል። ሰላም ነው። ያን ጊዜ እተኛለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለቴ የጠራው አንዴ ነው፤ ላሟ ሞታ ነበር፣ ደወልኩላት፣ ላሟ ሞተች አለችኝ፣ እኔም እሺ አልኩ።

መንገዱ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ኸይሪያ የአጋሮ ልጅ ናት፣ ዓረብኛውን እንደ አገሩ ሰው ነው የምትናገረው። አምስት ሲም አላት። ጧት አንዱን ታወጣለች፣ ሌላውን ታስገባለች፣ የዛሬው ባሌ ይሄ ነው ትላለች። አንዱ ኩባንያ ዓርብ ነፃ ያስደውላል፣ ሌላው ሌሊት፣ ሌላው ደግሞ ከቆየህበት ለታማኝ ደንበኛ ስጦታ ብሎ ይጨምርልሃል። የኔን ሲም በጣቷ ታሳየኛለች፤ ጋሽ ተድላ፣ ይህቺን ያን ጊዜ ቀብረዋት ቢሆን እስካሁን ታፈራ ነበር፤ እዚህ አገር ለሚጠራ ሰው ማንም አይከፍልም፣ የዚህን አገር ሲም ያውጡና ሴትዮዋ ስትደውል ያንሱላት። አይሆንም እላታለሁ። ይህን ቁጥር ነው የምታውቀው፤ አዲስ ቁጥር ብይዝ ዜማው ተራ ይሆናል፣ አታነሳም። ታዲያ ይንገሯታ። ለበዓል ስደውል ብነግራትም ማንበብ አትችልም፣ ቢደናገራት ሁለቱንም ቁጥር ታጣለች እላታለሁ። ኸይሪያ ስኳሩን እያማሰለች ታስባለች። እኔ እንኳን ለሲም፣ ለባልም እንደ እርስዎ ታምኜ አላውቅም ትለኛለች። መታመን ነው ብዬ አልቆጠርኩትም። የያዝኩትን ነገር ለመልቀቅ ስለምፈራ ነው። ግን ያን ቀን መጋዘን ገብቼ ስለ ታማኝ ደንበኛው ስጦታ አሰብኩ፤ አራት ዓመት ሙሉ በእነሱ ኔትዎርክ ላይ ነኝ፣ ለኔም የሆነ ነገር ሊኖር ይችላል እያልኩ።

ሁለት ሺህ ስድስት ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ስልኬ ስክሪን ላይ የሚታየው የኩባንያ ስም ተቀየረ። እኔ የነካሁት ነገር የለም። አንድ ጧት ሌላ ስም፣ ሌላ እንኳን ደህና መጡ። በዚያው እሁድ ስልኩ አልጠራም። ኔትዎርክ ይሆናል አልኩ። የሚቀጥለውም እሁድ አልጠራም። ወደ ጉብታው የሚያወጣው መንገድ ጨቅይቶ ይሆናል አልኩ፣ የካቲት ላይ ጭቃ እንደሌለ እያወቅኩ። እሁዶቹ ስድስት፣ ሰባት ሆኑ። ፋሲካ ደረሰ፣ ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ታማ ቢሆን ሁለቴ ታስጠራ ነበር፣ ሞታ ቢሆን ሰላሐዲን ይሰማ ነበር፤ እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ፣ ቀን ቀን ግን ጣሪያውን ሳይ እውላለሁ። ከዚያ ግንቦት ገባ። በመጀመሪያው እሁድ ስልኩ አንዴ ጠራና ተዘጋ። ተነስቼ ተቀመጥኩ። ቁጥሯ ነው። አንዴ ነው። ሰላም ነው። በሁለተኛው እሁድም አንዴ። በሦስተኛውም። ለኸይሪያ ነገርኳት፣ ይኸው አላልኩሽም፣ ኔትዎርክ ነው የነበረው አልኳት፤ ሻዩን በነፃ ሰጠችኝ። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ቀን ቀን እንደ ሕፃን ተኛሁ። ከዚያ እንደገና ዝም አለ።

ነሐሴ ላይ ኸይሪያ ምድጃዋን ለጎረቤቷ ሰጥታ ኩባንያው ቢሮ ወሰደችኝ። በር ላይ ቁጥር ያለው ወረቀት ይሰጣሉ፤ ሰማንያ ሰባት ነው የደረሰኝ። ቁጥሩን በዓረብኛ የሚጠራ የሴት ድምፅ አለ፣ ሰው ግን አይደለችም፣ ማሽን ናት። ቢያመልጠኝስ ብዬ ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ኸይሪያ፣ ጋሽ ተድላ፣ ወረቀቱን በላብ አራሱት፣ ቁጥሩ ሊጠፋ ነው ትለኛለች። ደረሰን። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ሲሙን አይታ ለኸይሪያ ብዙ ነገር ተናገረች። ምን አለች? የእኛ ደንበኛ አይደለም ነው የምትለው፣ እንግዳ ነው፤ በሌላ አገር ኩባንያ ስም ነው እዚህ ያለው። ስንት ዓመት እንግዳ ይኮናል በያት። ኸይሪያ ጠየቀቻት፣ ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። የአገሩን ኩባንያ ይጠይቅ፣ በስምምነቱ መሠረት ነው የምናስተናግደው ትላለች። የአገሬን ኩባንያ የት አገኘዋለሁ? በዚሁ ስልክ ይደውልላቸው። ይህን ስትል እኔ ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ተቆጥቶ ይጮህ ነበር። እኔ የማስበው የኋለኞቹ ተራቸውን እንዳናሳልፍባቸው ነው።

ኸይሪያ ግን አልተነሳችም። ስልኳን አወጣች። ቆይ፣ እኔ እስቲ ልደውልልዎ አለች። ደወለች፤ ጆሮዋ ላይ ይዛ ታየኛለች። እኔ ጋ ጠራ አለች። የኔ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እኔ ጋ ሁለተኛ ጠራ አለች፤ ያን ጊዜ የኔ ስልክ ጠራ፣ አንዴ። ዘጋችው። እንደገና ሞከረች፤ እሷ ጋ አንዴ ጠርቶ ስትዘጋው እኔ ጋ ምንም የለም፣ እንደተደወለም አይታወቅም። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፣ ቀስ ብላ አስረዳች። ጥሪው መጀመሪያ አገሩ ሄዶ፣ ፈልጎት፣ ከዚያ ነው ወደዚህ የሚመለሰው፤ የድሮው ኩባንያ መንገድ አጭር ነበር፣ አሁን ረዝሟል፣ ቀድሞ የሚደውለው ሰው ጆሮ ላይ ይጠራል። እሱ ሲደውል ደግሞ ቁጥሩ አብሮ ላይሄድ ይችላል። ኸይሪያ ይህን ስትተረጉምልኝ ድምፅዋ እየቀነሰ መጣ። እኔ ሚዛን ላይ ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ሚዛን አንድ መስመር ሲያዛባ ሁሉም ነገር በዚያች አንድ መስመር እንደሚዛባ አውቃለሁ። እዚያው ወንበሩ ላይ አሰላሁት። ዝም ያለባቸው እሁዶች ሁሉ ሰላም ነበሩ። አንዴ የጠራባቸው ሦስቱ እሁዶች ፈልጌሃለሁ ነበሩ። እሷ ጉብታው ላይ ቆማ ደውልልኝ ትላለች፣ እኔ እዚህ ሰላም ነው ብዬ እተኛለሁ። ለፋሲካ ስደውልም የሰማችው ተራውን ድምፅ ነው፣ ያላነሳችው እንዳታነሺ ስላልኳት ነው። ከሦስተኛው እሁድ ወዲህ ያለው ዝምታ ሰላም ይሁን መተው ደግሞ የሚለይበት መንገድ የለም። እንሂድ አልኳት ኸይሪያን። ምድጃዋ ጋ ስንደርስ ጋሽ ተድላ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ አለች። ምንም አልኩ።

ቦንጋ ለሰላሐዲን ደወልኩ። ማንኪራ ሰው ልከህ ለየወርቅውሃ ንገርልኝ፤ አስጠርታ እንዳትዘጋው፣ እስካነሳው ድረስ ታስጠራ፣ የምለው ይኸው ነው። ክረምት ነው ጋሼ፣ ወንዙ አያሻግርም፣ ለመስቀል ሰው ይወጣል፣ ያን ጊዜ እልካለሁ አለኝ። ለመስቀል ሰው ላከ፤ እንዲያ ያለ ነገር ሰላሐዲን አይረሳም። ከመስቀል በኋላ በነበረው ሁለተኛ እሁድ ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አድርጌ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ለምን ጫማ እንዳደረግኩ አላውቅም። ስልኩ ጠራ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እጄ አለማንሳት ለምዷል። አራት። አነሳሁት።

ተድላ? አለች። እኔ ነኝ አልኳት። አነሳኸው? አለች። አነሳሁት። ንፋስ ይሰማኛል፣ ጉብታው ላይ ናት። ድምፅህ ከስቷል አለችኝ። ስለ ኩባንያው፣ ስለ መንገዱ መርዘም፣ አንዱ እንደሚጠፋና ሁለቱ አንድ እንደሚሆን ነገርኳት፤ በካፊኖኖ ለመናገር አስቸጋሪ ነው፣ ኔትዎርክ የሚለውን እየደጋገምኩ ቀጠልኩ። አላቋረጠችኝም። ሲያልቅ፣ ስልኩ ነው እንግዲህ አለች። አዎ ስልኩ ነው። እኔ ደግሞ ሰውየው ነው ብዬ ነበር አለች። እንደ ቀልድ ነው የተናገረችው። ከዚያ ነገረችኝ። ግንቦት ላይ የመሬት ለኪዎች መጥተው ነበር፣ ለሁሉም ሰው የመሬት ደብተር ለመስጠት። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ነው የሚለጠፈው። ያንተን ፎቶ ይዤ ሄድኩ፣ ቦንጋ የተነሣኸውን፣ ክራቫት ያለውን። ጸሐፊው ፎቶ ብቻ አይበቃም፣ ራሱ በስልክ እንኳ አለሁ ይበል አለኝ፤ ደግ ሰው ነው፣ ሦስት ሳምንት ጠበቀኝ። ሦስት እሁድ ሁለቴ ሁለቴ አስጠራሁህ። ለሰላሐዲን ለምን አልነገርሽም? አልኳት። ባሌ አልመልስ አለኝ ብዬ ለነጋዴ ልናገር? አለች።  በመጨረሻው ቀን ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ባል አለሽ? አለኝ። የለኝም አልኩት። በኔ ብቻ ስም ነው የወጣው፣ ፎቶውም የኔ ብቻ ነው። ያንተን መለሰልኝ፣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ደህና አደረግሽ አልኳት። እውነት ነው፣ ባዶ ብትተወው የወንድሜ ልጆች ይገቡበት ነበር። ተቆጣህ? አለች። አልተቆጣሁም። ከፈለግህ ስትመጣ ሄደን ይስተካከላል ይላሉ፣ ከመጣህ ነው አለች። እሺ አልኳት። ይህን እሺ ያልኩትን ነው አሁን ቀን ቀን የማስበው፤ ላሟ ስትሞት ያልኩት እሺም እንዲሁ ነበር። ከዚያ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። እንግዲህ እሁድ እሁድ ሁለቴ አስጠሪ አልኳት፣ እኔ ጋ አንድ ሆኖ ይደርሳል፣ ሰላም ነው ብዬ እይዘዋለሁ።   ደህና ሆኜማ ሁለቴ አላስጠራም አለች። ለምን? ሁለት ጥሪ ፈልጌሃለሁ ማለት ነው፣ ራስህ ነህ ያልከው፤ ለከንቱ እየጠራሁህ ከለመድኩ የምሬን የፈለግሁህ ቀን ምን ላደርግ ነው? ይቀየራል እኮ፣ እኛው ያወጣነው ነው አልኳት። አንተ ነህ ያወጣኸው አለች። እኔ አንዱን እቀጥላለሁ፣ ደረሰም አልደረሰም። እንደዚያ ከሆነ ዝም ሲል ሰላም ነው ብዬ ልይዘው? ልላት አፌን ስከፍት ተቋረጠ። ሂሳቧ አልቆ ይሆናል። መልሼ ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ተራውን ድምፅ ሰምታ፣ ስልኩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ቁልቁለቱን እየወረደች ይሆናል።

ዜማውን የሚያስተካክል ሰው እዚያ የለም፣ መምህርት ዕፀገነት ከዘመን መለወጫ በፊት ተዛውራለች ብሎኛል ሰላሐዲን። እሱንም ኅዳር ላይ አንዴ ጠየቅኩት፤ የቡና ወቅት ነው ጋሼ፣ ቢታ ገነት ነው ያለሁት፣ ስመለስ ሰው እልካለሁ አለኝ። ደግሜ አልጠየቅኩትም። ሰው ቢላክ ምን ይዞ ይሂድ፤ አለሁ በልልኝ ልበለው? አሁን ጥር ነው። እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ እቀመጣለሁ። አይጠራም። አንዴ አስጠርታ ትሆናለች፣ ወይም ጉብታውን መውጣት ትታ ይሆናል፤ ከዚህ ሆኖ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ድምፅዋን የሰማሁበት ያ እሁድ መስከረም ሃያ አምስት ቀን፣ ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሷን ወሬ አልሰማሁም።